ያበጠው ካቢኔት

ውድ እህቴ፣ ማድ ቤትሽን ልታድሺ አስበሻል? እንግዲያው የእኔን ስሕተት ስሚ። ጂንካ ያለውን ቤታችንን ስናድስ ባለቤቴ «በዋንዛ እናሠራው» ቢለኝ፣ የሚያብለጨልጨው የቺፑድ ካቢኔት ዐይኔን ስቦት እምቢ አልኩ። ለልጃችን ትምህርት ያስቀመጥነውንም ገንዘብ ነካን። ቺፑድ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ ውኃ ከገባበት ያብጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው በር አልዘጋ አለ።

አሁን ዋንዛውን ለዚያ ቦታ ብቻ አሠራን። (አናጢውን እንጨቱ መድረቁን ጠይቂው፤ እርጥብ ከሆነ ይጣመማል።) የቀረው በር የሌለው መደርደሪያ ነው፤ መጋረጃውን ራሴ ሰፋሁ። ከአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶች የገዛሁት ትልቁ ድስት አሁን ቦታ አገኘ፤ በዚያ ውድ ካቢኔት ውስጥ አልገባ ብሎ ወለል ላይ ነበር የሚውለው! የልጃችንን ገንዘብ ግን ገና እየመለስን ነው።