«ሲስተም የለም» ለምትለው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እናትሽ በርበሬና ሽሮ ልካልሻለች፤ ሾፌሩ ሲደውል ከመናኸሪያ ተቀበዪ።

ቪዲዮዎችሽን ወንድምሽ በስልኩ እያወጣ ያሳየናል። የቀበሌ ሠራተኛ ሆነሽ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» እያልሽ ቆሎ የምትቆረጥሚበትን እናትሽ ደጋግማ አስከፈተችው። እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት ቢሮ የጨረስኩ ሰው ነኝና ሳቄ ከእሷ ይለያል። ማኅተሙን እፍ ብለሽ መልሰሽ መሳቢያ ውስጥ ስትቆልፊው፣ ዓይኔ ላይ ያልመጣ አለቃ የለም።

አጎትሽ ግን ሳቁ አልመጣለትም። «ምከራት፣ ያስሩብሃል» ብሎ ደወለልኝ። ወደ እስሩ እመለስበታለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ከቪዲዮው ሥር የሚጻፍልሽ አስተያየት። አንዱ «ጀግና!» ይልሽና ወዲያው «የዚያኛውን ወገን ሰዎችም ሥሪልን፣ አነጋገራቸውን አስመስዪልን» ይላል። አዝማሪ ቤት አምሽተሽ እንደምታውቂ አልጠይቅሽም፤ አባት ሁሉን አይጠይቅም። እዚያ ከታዳሚው አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይልና ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል፤ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ጎበዙ አዝማሪ የተሰጠውን ተቀብሎ፣ የራሱን ጨምሮ፣ መልሶ ሰጪውን ራሱን ይሸነቁጠዋል። ሰነፉ ግን የከፈለው ሁሉ አፍ ሆኖ ያድራል። ላንቺ በላይቭ የሚወረወርልሽ ስጦታም ያው «ተቀበል» ነው።

የግብጹን ባሰም ዩሱፍን ነገር ልንገርሽ። ሰውየው የልብ ቀዶ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሬዚዳንት ሙባረክ በወረዱ ማግሥት፣ ቤቱ ውስጥ ልብስ በሚታጠብበት ክፍል ካሜራ ተክሎ፣ የቴሌቪዥኑን ሰዎች በገዛ ንግግራቸው እያጋለጠ ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ ጀመረ። በጥቂት ወራት ሚሊዮኖች አዩት። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ወሰዱት። ሙርሲ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በእሳቸው ቀለደ፤ በ2013 መጋቢት ላይ ዐቃቤ ሕግ «ፕሬዚዳንቱንና እስልምናን ሰድበሃል» ብሎ ጠራው። ሙርሲ ፓኪስታን ውስጥ የክብር ዶክትሬት ሲቀበሉ አንድ ቆብ አድርገው ነበር። ባሰም ያንን ቆብ አግዝፎ አሠርቶ፣ ደፍቶት ለምርመራ ቀረበ! በ15,000 የግብጽ ፓውንድ ዋስ ተለቀቀ። ሙርሲን የሚጠላ ሁሉ ጀግናዬ አለው።

ልብ ብለሽ ስሚኝ፤ ነገሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ክረምት ሠራዊቱ ሙርሲን አወረደ። ባሰም በጥቅምት ወደ ስክሪን ሲመለስ፣ የሠራዊቱን አዛዥ ጄኔራል አል ሲሲን አፍጦ አልሰደበም፤ በጄኔራሉ ፍቅር ያበደውን ሕዝብ ጎንተል አደረገ። ትናንት ያጨበጨቡለት ያን ጊዜ ከሃዲ አሉት። አንድ ክፍል ብቻ ተላልፎ ጣቢያው ፕሮግራሙን አገደው። በ2014 በሌላ ጣቢያ ሞከረ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ለራሱና ለቤተሰቡ ደህንነት እንደሚሰጋ ተናግሮ ዘጋው፤ ኋላም አሜሪካ ገባ። አየሽ፣ ለካ ብዙዎቹ የወደዱት ቀልዱን አልነበረም፤ የጠላታቸውን መሰደብ ነው። በእኔ አስተያየት ከዐቃቤ ሕጉ ይልቅ የከፋበት ይሄ ነው። ሹም ይሻራል፤ አንቺን የራሱ መሣሪያ አድርጎ የቆጠረ ተመልካች ግን ቂሙ አይበርድም።

ባሰም ከጀመረበት ዓመት አንድ ሌላም አለ። የሊቢያው ጋዳፊ በየካቲት 2011 ተቃዋሚዎቻቸውን «ቤት ለቤት፣ ጉራንጉር ለጉራንጉር» እያደንን እናጠፋለን ብለው የደነፉትን ንግግር፣ ኖይ አሉሼ የሚባል እስራኤላዊ ሙዚቀኛ በዳንስ ሙዚቃ ላይ አስገብቶ «ዜንጋ ዜንጋ» (ጉራንጉር ለጉራንጉር) የሚል ዘፈን አደረገው። ዐረቡ ዓለም ሁሉ ጨፈረበት። አንዳንዶች የሠሪውን አገር ሲያውቁ ተራገሙ፤ ሌሎች ደግሞ ከጎን የምትደንሰውን ገላዋን እምብዛም ያልሸፈነች ልጅ አውጣልንና ለወላጆቻችን እናሳይ አሉት። አውጥቶ ሌላ ቅጂ ለቀቀ። (ይህን የጠየቁትን ልጆች ወላጆቻቸው ይባርኳቸው።) እኔ የምወድለት ግን ከጋዳፊ አፍ ያልወጣ ቃል አለማስገባቱን ነው። አሁን የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ ያላለውን ማስባል ቀላል ሆኗል፤ ወንድምሽ እንኳ የእኔን ሠርቶ እናትሽን አታልሏታል። በሹም ላይ ይህን እንዳታደርጊ። ሹሞቻችን ለቀልድ የሚበቃ ንግግር አጉድለውብን አያውቁም፣ ምን አስጨመረሽ?

ስለ ደላላው የሠራሽው ብዙ ሰው አይቶታል አሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ እናትሽም ስልኩን ለወንድምሽ መለሰችለት። ቤት አሳይቶ ከሁለት ወገን ኮሚሽን የሚቀበለውን ሰው ትተሽ፣ አማርኛው አፉ ላይ የሚሰባበርበትን ሰው ሣልሽ። እንደዚያ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችንን ታውቂያቸዋለሽ፤ አንቺን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉሽ ናቸው። ያስተያየቱን ቦታ ደግሞ ተመልከቺው፤ ስለ ደላላ ኮሚሽን አንድ ሰው አልጻፈም፤ ሁሉም ስለ ብሔር ነው። ቢቻልሽ አውርጂው።

ወደ አጎትሽ ስጋት ልመለስ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አግኝተሽ አንብቢው። ጥፋቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል፤ አንቺ ከዚያ ቁጥር አልፈሻል። ለኪነ ጥበብና ለፖለቲካ ትችት የተተወ በርም አለው፤ አንቀጹን ፈልገሽ ያዢው። በሩ ሁልጊዜ ያወጣል ብዬ ግን አላታልልሽም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን አናግረው የጻፉት ተውኔት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። በአዘርባጃን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ወጣቶች አህያ ጋዜጣዊ መግለጫ ሲሰጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ባኩ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጠው ተደበደቡ፤ አቤት ሊሉ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ ሁከት ፈጣሪ ተብለው እነሱው ታሰሩ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ተፈቱ። የክሱ ወረቀት ስለ አህያው አያወራም። ስለዚህ ማታ ብቻሽን አትቀሪ፤ የቤት ኪራይ ውልሽና መታወቂያሽ የተሟላ ይሁን፤ የጠበቃ ጓደኛሽን ስልክ ለእኔም ላኪልኝ።

ተዪው ግን አልልሽም። ከሁሉም ወገን ቆንጥጪ፤ ግን ከቤትሽ ጀምሪ። እኔ እንደምታውቂው የዕድራችን ሊቀመንበር ነኝ፤ ስብሰባችን ለሁለት ሰዓት ተጠርቶ በአራት ሰዓት ይጀመራል፤ አጀንዳው የድንኳኑ ቀዳዳ ሆኖ የምንለያየው የዓለምን ፖለቲካ ፈትተን ነው። ይህን ሥሪው። ጉሮሮዬን እየጠረግሁ «ወደ ዋናው ነጥብ ስመጣ» የምለውንም አትርሺ፤ ወንድምሽ አሳምሮ ያስመስለዋል። ሒሳብ ሹማችን መቆጣታቸው አይቀርም፤ እሳቸውን ለእኔ ተዪልኝ።

አባትሽ