ዝናብ ብስክሌተኛን የሚያስቆመው የት ነው?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2007 ማታ፣ ከፓሪስ ወጣ ብላ ከምትገኘው ጉያንኩር፣ ብስክሌተኞች በየቡድናቸው ወደ ምዕራብ መነሣት ጀመሩ። በማግስቱ ጠዋት የመጨረሻዎቹ ሲወጡ ቁጥራቸው ከ5,000 አልፎ ነበር። መድረሻቸው የአትላንቲክ ወደብ የሆነችው ብሬስት ናት፤ እዚያ ደርሰው ደግሞ ወደ ፓሪስ ይመለሳሉ። ደርሶ መልሱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለአብዛኞቹ የተሰጣቸው ጊዜ 90 ሰዓት ነው። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ የጎማ ጥገናው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ሳይቀር የሚቆረጠው ከዚያው ከ90 ሰዓት ላይ ነው።

ኦገስት እኛ ዘንድ ክረምቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ለፈረንሳዮች ግን የበጋ ዕረፍት ወር ነው፤ ከብስክሌተኞቹም ብዙዎቹ ቀለል ያለ ልብስ ይዘው ነበር የመጡት። ዝናቡ ግን የፈረንጅ በጋ ነው ብሎ አልራራላቸውም። ካፊያው ወደ ዶፍ፣ ዶፉ ወደ ካፊያ እየተለዋወጠ፣ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስም ፊት ለፊት እየገፋ ቀኑንም ሌሊቱንም አብሯቸው ተጓዘ። በመጨረሻ ሲቆጠር፣ ከአሥር ብስክሌተኞች ሦስት ያህሉ ጉዞውን አልጨረሱም። ይህ ከዚያ ቀደም ከነበሩት የቅርብ ዓመታት ጉዞዎች ጎልቶ የሚታይ ውድቀት ነው።

የሚገርመው ሰዎቹ ያቋረጡበት ቦታ ነው። ብስክሌቱን መንገድ ዳር ጥሎ "በቃኝ" የሚል ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው መንገዱ ላይ ሳይሆን አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሙቀት ባለበት፣ ሾርባ በሚሸትበት፣ ወንበር ባለበት። ዝናቡን ለሰዓታት ችሎ የመጣ ሰው ዝናብ በሌለበት ቦታ እጁን ይሰጣል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የጉዞውን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚካሄድ ሲሆን፣ የሚያዘጋጀው ኦዳክስ ክለብ ፓሪዚያን የተባለ ማኅበር ነው። ዛሬ ውድድር አይደለም፤ አንደኛ ለወጣ የሚሸለም ገንዘብ የለም። ተሳታፊው ትንሽ ደብተር ይዞ በየኬላው ማኅተም ያስመታል፦ ቪሌን ላ ዥዌል፣ ፉዤር፣ ቴንቴንያክ፣ ሉዴያክ፣ ካርሄ፣ ብሬስት፤ ከዚያ እየተመለሰ እንደገና። አጃቢ መኪና በኬላዎቹ ካልሆነ በቀር መንገድ ላይ መርዳት አይፈቀድለትም። በእያንዳንዱ ኬላ ምግብ፣ መካኒክና ሐኪም አለ፤ በብዙዎቹም መኝታ አለ። በቪሌን የከተማዋ ልጆች የደከሙትን ብስክሌተኞች የምግብ ሰሃን ተሸክመው እስከ ጠረጴዛው ያደርሱላቸዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ደግነት ትቶ፣ እርጥብ ጫማ መልሶ አጥልቆ፣ ወደ ጨለማው መውጣት ነው ትልቁ ፈተና።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1891 ፒየር ዢፋር የተባለ ጋዜጠኛ "ለ ፔቲ ዡርናል" በተባለው ጋዜጣ ስም በዚህ መንገድ ውድድር ሲያዘጋጅ ዓላማው ብስክሌት መጫወቻ ሳይሆን መጓጓዣ መሆኑን ማሳየት ነበር። ከተነሡት ከ200 በላይ ብስክሌተኞች ጨርሰው የገቡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ያሸነፈው ሻርል ቴሮን ነው፤ ከ71 ሰዓት በላይ ያለ እንቅልፍ ነድቷል። እስከ ብሬስት ሲመራ የነበረው ተቀናቃኙ ዢየል ላቫል ደግሞ በመልሱ ጉዞ ጥቂት ልረፍ ብሎ ጋደም አለ። ቴሮን እሱ ተኝቶ ሳለ አለፈው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የረጅም ጉዞ ምሥጢር አለመተኛት ነው ብሎ አሰበ።

በዝናብ ያሸነፈ የሌላ ሰው ታሪክም ይህንኑ የሚያጠናክር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1931 አውስትራሊያዊው ሂውበርት ኦፐርማን በነፋስና በዝናብ እየተደበደበ ርቀቱን በ49 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ጨረሰ፤ ከሁለት ቀን በላይ ነድቶም ፓሪስ በሚገኝ ቬሎድሮም (የብስክሌት መወዳደሪያ ስታዲየም) ውስጥ በመጨረሻ ፍጥነት ተሽቀዳድሞ ነው ያሸነፈው። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ የአገሩ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 በ91 ዓመቱ ሲያርፍም የቤት ውስጥ ስፖርት ብስክሌት እየነዳ ነበር።

ነገር ግን ኦፐርማን በሙያው የሚኖር ተወዳዳሪ ነበር፤ ተራው ሰው እሱን ልምሰል ቢል አያዋጣውም። በዚያው በ1931 ከባለሙያዎቹ ውድድር ጎን ለጎን ለተራው ብስክሌተኛ የሚሆን ጉዞ ተከፈተ። ዛሬ የቀረው ይኸኛው ነው። ለዚህኛው ጉዞ ሰዓቱን የሚወስነው የእግር ጉልበት ብቻ አይደለም።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። 1,200 ኪሎ ሜትርን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በፔዳል ላይ የሚያሳልፈው 60 ሰዓት ነው። ከ90 ላይ 30 ሰዓት ይተርፈዋል፤ ይበላል፣ ይጠግናል፣ በየሌሊቱም ጥቂት ይተኛል። አሁን ዝናብና ነፋስ ፍጥነቱን ወደ 17 ያውርዱት። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የመንዳቱ ሰዓት ግን ወደ 71 ይጠጋል፣ የሚተርፈውም 19 ሆኖ ቁጭ ይላል። ምግቡን መቀነስ አይቻልም። የማኅተም ወረፋውንም ማሳጠር አይቻልም፤ እንዲያውም በዝናብ ቀን ሁሉም ልብሱን ሊያደርቅ ስለሚቆም ወረፋው ይረዝማል። ስለዚህ 11ዱ ሰዓት የሚቆረጠው ከእንቅልፍ ነው። ዝናብ የሚሰርቀው መጀመሪያ ጉልበትን ሳይሆን እንቅልፍን ነው።

ሁለተኛው ሌባ ብርዱ ነው። ውኃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር ወደ 25 ጊዜ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ዳገት ላይ ይህ አይታወቅም፤ ሰውነት እንደ ምድጃ ይነድዳል። ብሬስት በምትገኝበት በብሬታኝ ክልል ዳሬ የተባሉትን ተራሮች ወጥቶ ቁልቁል ሲለቅ ግን እግሩ ሥራ ፈቶ፣ ነፋሱ የበሰበሰውን ልብስ ሰንጥቆ ይገባል። ውኃ የማያስገባ ካፖርት መፍትሔ ይመስላል፤ ዝናቡን ቢከለክልም ላቡን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ለባሹ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይርሳል። ነባሮቹ ብስክሌተኞች ለዚህ ነው ከሥር የሱፍ ልብስ የሚወዱት፤ ሱፍ ቢርስም ጥቂት ሙቀት ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ያለው አንዱ ችግር ሌላውን እየጎተተ ነው። ጣት ሲደነዝዝ የብስኩት መጠቅለያ መቅደድ ያቅታል። መቅደድ ያቃተው ሰው "ኬላው ስደርስ እበላለሁ" ብሎ ያልፋል። ሳይበላ የነዳ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይበርደዋል፤ መንቀጥቀጡ ራሱ የቀረውን ስንቅ ይጨርሳል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ኬላው ሲደርስ ፊቱ ገርጥቶ፣ አፉ ተሳስሮ፣ ስሙን እንኳ ሲጠየቅ አሰብ አድርጎ ነው የሚመልሰው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ወንበር ላይ ተቀምጦ "ልቀጥል ወይስ ላቋርጥ?" የሚለውን የሚወስነው።

ብስክሌቱም የራሱ ጣጣ አለው። የቸርኬ ፍሬን ሲረጥብ ወዲያው አይዝም፤ ላስቲኩ መጀመሪያ ውኃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚነክሰው። ያ ቅጽበት በቁልቁለት ላይ ብዙ ሜትር ማለት ነው። ከመንገዱ የሚነሣው አሸዋ ላስቲኩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ካቴናው ዘይቱ ታጥቦ ይጮኻል። ስባሪ ጠርሙስ በደረቅ ጎማ ላይ ሲያንሸራትት፣ እርጥብ ጎማን ግን በቀላሉ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ጎማ የሚተነፍሰው ጣት በማይታዘዝበት በዚያው ቀን ነው። ማስቲሽ ደግሞ እርጥብ ጎማ ላይ አይዝም። ልምድ ያለው ሰው ለዚህ ነው ጥገናውን ለኬላ ትቶ መንገድ ላይ ትርፍ ከመነዳሪ የሚቀይረው።

ስለ ፓራፋንጎ ሳይነሣ አይታለፍም። ብዙ ወጣት ብስክሌተኛ "ክብደት ነው፣ መልክም ያበላሻል" ብሎ ይተወዋል። በዝናብ ሌሊት ግን የኋላው ጎማ የሚረጨው ጭቃ የነጂውን ወገብ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚከተለውን ሰው ፊት ነው የሚመታው። ነፋስ በበዛበት መንገድ ደግሞ ሰው የሚድነው ተራ በተራ እየመራ፣ አንዱ በሌላው ጥላ ተከልሎ ሲሄድ ነው። ፓራፋንጎ የሌለውን ማንም ከኋላው ሊጠጋው አይፈልግም። በዚያ ሰዓት ጥቂት ግራም ያተረፈ ሰው ነፋሱን ብቻውን ይጋፈጣል።

ብቸኝነቱን የሚያስታግሱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በኖርማንዲና በብሬታኝ መንደሮች ሌሊቱን ሙሉ ከበራቸው ጠረጴዛ አውጥተው ቡና፣ ክሬፕና ውኃ የሚያድሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ብዙዎቹም ገንዘብ አይቀበሉም። እዚያ አካባቢ ይህ ጉዞ የቤት ጉዳይ ነው። በፈረንሳይ ኬክ ቤቶች ሁሉ የሚሸጠው ፓሪስ–ብሬስት የተባለው ክብ ኬክም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሉዊ ዱራን የተባለ ኬክ ጋጋሪ እ.ኤ.አ. በ1910 በብስክሌት ጎማ ቅርጽ ያዘጋጀው ለጉዞው ክብር ነው።

ታዲያ አዳራሹ ውስጥ የገባ ሰው ምን ያድርግ? የረጅም ጉዞ ብስክሌተኞች አንድ ያልተጻፈ ደንብ አላቸው፦ ሳትበላና ሳትተኛ አታቋርጥ። መጀመሪያ ትኩስ ነገር፣ ከዚያ ደረቅ ካልሲ፣ ከዚያ ጥቂት እንቅልፍ፣ ውሳኔው በመጨረሻ። መኝታው ከሞላ በአዳራሹ ወለል ላይ፣ እሱም ካልተገኘ በባንክ የገንዘብ ማሽን ክፍል ውስጥ የሚያሸልቡ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው፣ "በቃኝ" ብሎ የተኛ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ ሌላ ሰው ሆኖ ጫማውን ሲፈልግ ነው። በ1891 ዢየል ላቫልን ያሸነፈው እንቅልፍ፣ ከሰው ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር ለሚጓዘው የዛሬ ብስክሌተኛ መዳኛው ነው። አንድ ሰዓት የተኛ ሰው ያችን ሰዓት በተሻለ ፍጥነት ይመልሳታል፤ በእንቅልፍ ልቡ እየነዳ ቦይ ውስጥ ከመግባትም ይድናል።

ደንቡ ግን ወሰን አለው። ሰውነቱ ከበላና ከሞቀ በኋላም መንቀጥቀጡን ካላቆመ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ያ ሰው ማቋረጥ አለበት፤ ብርድ ማመዛዘንን ስለሚያደክም ውሳኔውን ሌላ ሰው ቢወስንለት ይሻላል። በ2007 ካቋረጡት መካከል ትክክለኛውን ነገር ያደረጉ ጥቂት አይደሉም።

አንዳንዴም ምርጫው ከብስክሌተኛው እጅ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከለንደን ኤዲንብራ ደርሶ ለንደን የሚመለሰው፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ጉዞ በተጀመረ ማግስት ፍሎሪስ የተባለው ማዕበል ስኮትላንድን መታ። አዘጋጆቹ ለደኅንነት ሲሉ ጉዞውን አስቆሙ፤ ለወራት የተዘጋጁ ብዙ ሰዎች ኤዲንብራን ሳያዩ ፊታቸውን ወደ ደቡብ መለሱ። ቅሬታ የተሰማቸው ነበሩ። ነገር ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ዝናብን በልብስ፣ በምግብና በእንቅልፍ መያዝ ይቻላል፤ ዛፍ ከሥሩ የሚነቅልና ብስክሌተኛን ከመኪና መንገድ መሐል የሚጥል ነፋስን ግን ማንም በጥንቃቄ አይችለውም።

የሚቀጥለው ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2027 ነው። ለመግባት በዚያው ዓመት የ200፣ የ300፣ የ400 እና የ600 ኪሎ ሜትር ጉዞዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት መጨረስ ያስፈልጋል። አውሮፓውያን እነዚህን የሚነዱት ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ በጸደዩ ዝናብ ወቅት ነው። ነባሮቹ ለአዲሶቹ የሚሰጡት ምክርም ያው ነው፦ ሰማዩ የጠቆረ ዕለት ከቤት አትቅር። የትኛው ጓንት ውኃ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ቁምጣ እርጥብ ሲሆን ቆዳ እንደሚልጥ፣ ምን ዓይነት ምግብ በደነዘዘ ጣት እንደሚከፈት የሚታወቀው በ200ው ላይ ከሆነ ቤት ቅርብ ነው። በመልስ ጉዞ ካርሄ ላይ ከሆነ ግን ፓሪስ ገና 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።