እናቱን የሚከተል ዓይን

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይከብደን ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ከብር ሸለቆ በኩል ወባው ይበረታል፤ ትኩሳት ይዞት የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ በወባ ይጠረጠራል። ደሙ ታይቶ ወባ ያልተገኘበት፣ ግን ራሱን የሳተ ልጅ ሲመጣ ነው ጭንቁ። ቫይረስ አንጎሉን አጥቅቶት ይሆናል፤ የትኛው ቫይረስ እንደሆነ የሚለይ ምርመራ እኛ ዘንድ አልነበረም። የሕመሙን ክብደት መለካት ግን በእጃችን ነበር።

አንድ ምሽት ከቡሬ ገጠር ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መጣ። ከመንደሩ እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ ከዚያ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት በመኪና ነው የደረሰው። ከሳምንት በፊት ኩፍኝ ወጥቶበት ነበር፤ ሽፍታው እየጠፋ ሳለ ትኩሳቱ አገረሸበት፣ መንገድ ላይም አንቀጠቀጠው።

«ተመስገን፣ አሁንስ ተኛ» አሉ አያቱ።

እናቱ ግን ጋቢዋን እየገለጠች «እህቴ፣ አላወቀኝም እኮ» አለችኝ።

አጠገቡ ሌላ ልጅ እየጮኸ ይወራጭ ስለነበር የክፍሉ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። የሚጮህ ልጅ ጉልበት አለው፤ እኔን ያስፈራኝ ዝም ያለው ነው።

የአዋቂ ሰው ንቃት የሚለካበት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግላስጎው መለኪያ የታማሚውን ንግግር ይጠይቃል። አፉን ላልፈታ ሕፃን የሚሆነውን በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ ወባ አንጎላቸው ላይ የወጣባቸውን ልጆች ያክሙ የነበሩ ሐኪሞች አዘጋጁት። ዓይኑ የእናቱን ፊት ከተከተለ 1 ነጥብ፤ ደረቱን ስትጫነው እጅህን ከገፋ 2፤ በደንብ ካለቀሰ 2። ሙሉው 5 ነው፤ 2 እና ከዚያ በታች ራሱን ስቷል ማለት ነው።

በጣቴ አንጓ ደረቱን ጫን አልኩት። እጁ ወደ እጄ አልመጣም፤ እግሩን ብቻ ሰበሰበ፣ 1። አቃሰተ፣ 1። እናቱ ጎንበስ ብላ ስሙን ስትጠራው ዓይኑ ጣራው ላይ ቀረ፣ 0።

ስኳሩን ለካሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ የቀኝ አፉ ጥግ በጥቂቱ ሲርገበገብ አየሁ። አንቀጥቅጦት ጨርሷል ያልነው ልጅ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር! ሐኪሙ ዲያዜፓም አዘዘ፣ በጎኑ አስተኛነው፣ ኦክስጅን ሰጠነው። የጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት ጨምሮ ከሆነ አደጋ አለውና ከጀርባው ውሃ መቅዳቱ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ማጅራት ገትርም ሊሆን ስለሚችል ሴፍትራያክሶን ተጀመረ።

በየሰዓቱ እየለካሁ ጻፍኩ። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ የቁጥሮቹ አካሄድ ይበልጥ ይናገራል። ሌሊቱን 2 ላይ ቆየ፤ ሊነጋ ሲል እጄን ገፋ፣ 3። ረፋዱ ላይ እናቱ ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ ዓይኑ እስከ በሩ ተከተላት።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ ገና አልበረታም ነበር፤ ለክትትል ቀጠሮ ሰጠናቸው። ታናሽ እህቱ ዘጠኝ ወር ሊሞላት ስለነበር፣ ለኩፍኝ ክትባቷ ወደ ጤና ኬላው እንዲወስዷት አያቱን አደራ አልኳቸው።