የፍርሃት ዋጋ

የነጋዴ ጠባይ በጥጋብ ቀን አይታወቅም፤ የሚታወቀው በጭንቅ ቀን ነው። እኔም ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በሐሙሲት፥ በራሴ ትንሽ የመድኃኒት መደብር ውስጥ ነው። ታሪኩ የሚያስመሰግነኝ አይደለም፤ ነገር ግን የጤና ንግድ የያዘ ሁሉ ቢሰማው ይጠቅመዋል ብዬ ስላሰብሁ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በይፋ ተነገረ። በሚቀጥለው ሐሙስ፥ መጋቢት 10 ቀን፥ ሕዝቡ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሲሻማ ከዋለ በኋላ ወደ መደብሬ ጎረፈ። በቀድሞው ዋጋ የገዛሁት አንድ ካርቶን የአፍ መሸፈኛ ነበረኝ። ጧት በወትሮው ዋጋ ሸጥሁ፤ ቀትር ላይ እጥፍ አደረግሁት፤ ወደ ማታ አራት እጥፍ ሆነ። የተከራከረኝ አልነበረምና ልቤ ደነደነ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ከመቀነታቸው የቋጠሩትን ገንዘብ ፈትተው ቆጠሩና፥ «ዶክተር፥ ጎረቤቴ ጧት የገዛችው በዚህ ዋጋ ነው፤ ከጧት ወዲህ ምን ተጨመረበት?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው ባጣ፥ «ዘመኑ ነው፥ እማማ» አልኋቸው። እርሳቸውም ገንዘባቸውን መልሰው ቋጥረው ሄዱ።

ዘመኑ ግን ወደ እኔም ለመምጣት አልዘገየም። እኛ የምንሸጠው መድኃኒት አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ ሕንድም የካቲት 24 ቀን፥ ፓራሲታሞል ሳይቀር የ26 ዓይነት የመድኃኒት ቅመሞችና ከእነርሱ የተሠሩ መድኃኒቶች ወደ ውጭ እንዳይወጡ ገድባ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳር ለ14 ቀን ተዘጋች፤ የሕዝብ ማመላለሻም ቆመ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በማቀዝቀዣዬ የቀረው ኢንሱሊን አራት ብልቃጥ ብቻ ሲሆን፥ የሚጠብቁኝ ሰባት የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለው ልጅ መድኃኒቱ ቢቋረጥበት በጥቂት ቀን ውስጥ ለሞት ይደርሳል።

ወደ አከፋፋዬ ስልክ ደወልሁ። ዋጋውን ሰምቼ ብደነግጥ፥ «ምን ላድርግ ወንድሜ፥ ዘመኑ ነው» አለኝ። የገዛ ቃሌ በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ሲመጣ ያን ጊዜ ዐወቅሁት። የአሮጊቷ ጥያቄም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለየኝም።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው። የሕመምተኞቹን ስም በመዝገብ ጽፌ፥ ማን ሊታገሥ እንደሚችልና ማን እንደማይችል ሐኪም ጠየቅሁ፤ ልጁም ቅድሚያ አገኘ። የጭነት መኪና አልተከለከለም ነበርና፥ እህል የሚያመላልስ አንድ ሾፌር መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን እንዲያመጣልኝ ለመንሁት። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ግን ይበላሻልና ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልለን ከበረዶው ለየነው። የተከፈተው ብልቃጥ ሙቀት በማይበዛበት ቦታ 28 ቀን ያህል እንደሚቆይ ለእያንዳንዱ አስረዳሁ፤ ማቀዝቀዣ የሌለው በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ ገንቦ እንዲያኖረው መከርሁ። ለመክፈል ላልቻሉት በመሸፈኛው ያተረፍሁትን ገንዘብ አዋልሁት። ልጁም ያን ክረምት በደኅና ተሻገረ።

ታላላቆቹም የንግድ ሰዎች በየፊናቸው እንዲሁ መላ ሲፈልጉ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሰው ይጭንባቸው ከነበሩት አውሮፕላኖች አንዳንዶቹን ወንበራቸውን አንሥቶ ለዕቃ አደረጋቸው፤ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፋበት በነበረው መኪና መሸፈኛ ተሰፋ፤ መስከረም 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በቦሌ ለሚ የኮሮና መመርመሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ተመረቀ። የካቲት 28 ቀንም የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት አዲስ አበባ ገባ። ይህን ሁሉ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን የእኔ ሂሳብ ከዚህ ጋር አይጣፋም።

ለምን ቢሉ፥ በዚያ ሐሙስ የገዙኝን ሰዎች አላውቃቸውም። ገንዘቡ ለመልካም ሥራ ቢውልም፥ ለባለቤቶቹ አልተመለሰም። አሮጊቷንም በየገበያው ቀን በዐይኔ ፈለግሁ፤ አላገኘኋቸውም።

አባቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን አይተዋል፤ እኛም ኮሮናን አየን፤ ልጆቻችንም ሌላ ማየታቸው አይቀርም። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼን የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ዋጋችሁን ሳትፈሩ በሰላም ቀን ወስኑ፥ ጽፋችሁም በግድግዳ ላይ ስቀሉት። እኔ ሰቅያለሁ። ከበላዩም «ከጧት ወዲህ ምን ተጨመረበት?» የሚል ቃል ጽፌአለሁ፤ ገዢዎች ምን ማለት እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ፥ እነግራቸዋለሁ።