ደጋን ላይ የተቆጠሩ ፓኬቶች

ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ገና ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ወደድኩት። ኮምቦልቻ ላይ የባቲ ሚኒባስ ይዤ ደጋን ወረድኩ። አስፋልቱ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ይዘልቃል፤ ዳሩ ላይ ሻይ ይዞ ተሳቢ መኪና ማየት ብቻውን ቀን ያስመሻል። አንዱ ጭነቱን ኮምቦልቻ ያራግፋል፣ ሌላው ከተማዋን አቋርጦ ወደ ደሴ ይወጣል፣ ሌላው እዚያው ኮምቦልቻ ጭኖ ይነሳል።

የሊኑክስ ከርነልም ፓኬቶችን የሚለየው እንዲሁ ነው። ረስቲ ራስል እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውና በ2001 ከሊኑክስ 2.4 ጋር የወጣው ኔትፊልተር፣ ለማሽኑ ለራሱ የመጣውን በኢንፑት፣ አላፊውን በፎርዋርድ፣ ከማሽኑ የሚነሳውን በአውትፑት ያሳልፋል። ፕሪራውቲንግ መግቢያው ላይ፣ ፖስትራውቲንግ መውጫው ላይ ይቆማሉ። ብዙ ጀማሪ ከኢንተርኔት የሚመጣውን ሁሉ ኢንፑት ይለዋል፤ አይፈረድበትም። በቀድሞው ፋየርዎል በአይፒቼንስ አላፊ ፓኬት ኢንፑት፣ ፎርዋርድና አውትፑት ሦስቱንም በር ይረግጥ ነበር፣ የዚያ ዘመን ጽሑፍም ዛሬ ድረስ ይነበባል።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። ዳታ አልቆበታል። «አብሽር» አልኩት፤ ስልኬን በኬብል ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ዋይፋይ ለቀቅኩለት። ላፕቶፑ ራውተር ሆነ ማለት ነው። አምስቱም በሮች ላይ ቆጣሪ አስቀመጥንና ልጁ ቪዲዮ ከፈተ።

ፕሪራውቲንግ፣ ፎርዋርድና ፖስትራውቲንግ ተንደረደሩ። ኢንፑት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆመ፤ የዲኤንኤስ ጥያቄውን የተቀበለው ላፕቶፑ ራሱ ነበርና።

«ጋሼ፣ መልሱ የሚመጣው እኮ በላፕቶፑ አድራሻ ነው» አለ ልጁ። «ታዲያ ለምን ኢንፑት አልገባም?»

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። ፓኬቱ ሲወጣ ፖስትራውቲንግ ላይ የላኪው አድራሻ በላፕቶፑ አድራሻ ተተክቷል፤ ስለዚህ መልሱ በር ላይ ሲደርስ በእርግጥም የተጻፈበት የላፕቶፑ አድራሻ ነው። ግን የከርነሉ ግንኙነት መዝጋቢ፣ ኮንትራክ፣ ግንኙነቱን መዝግቦ ይዟል፦ ማን ጀመረ፣ ማን መለሰ። ፕሪራውቲንግ ላይ የልጁን ስልክ አድራሻ ይመልስለታል። መንገድ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከርነሉ አድራሻውን ሲያይ «የእኔ አይደለም» ብሎ በፎርዋርድ ይሸኘዋል። ፋየርዎል የሚጽፍ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ካልያዘ ደንቡን የሚያስቀምጠው ፓኬቱ በማያልፍበት በር ነው። አቅጣጫው ከኬብሉ አይደለም፤ ከቆምክበት ማሽንና ወሬውን ከጀመረው ወገን ነው።

አድራሻ በሚተካው የናት ሰንሰለት ላይ ያኖርነው ቆጣሪ ደግሞ ቪዲዮው እየጎረፈ እንኳ አይነቃነቅም። ደንቡ የሚጠየቀው ለእያንዳንዱ ግንኙነት የመጀመሪያ ፓኬት ብቻ ነው፤ ቀሪው መዝገቡን ተከትሎ ያልፋል። ቀጥለን ፓኬት የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕ ከፍተን ኢንፑት ላይ የታገደ ፓኬት ላክን፤ በግልጽ ታየ። ቲሲፒደምፕ ገቢውን ከኔትፊልተር በፊት ነው የሚያየው፤ «ደረሰ እኮ» ብሎ ፋየርዎሉን ነጻ ማድረግ አያዋጣም።

ሁለተኛው ሻይ ሲደርስ ልጁ ላፕቶፑን ከራሱ ጋር እንዲያወራ አዘዘው። ፓኬቱ በአውትፑትና በፖስትራውቲንግ ወጥቶ በፕሪራውቲንግና በኢንፑት ተመልሶ ገባ። አራቱ ቆጣሪዎች እኩል ጨመሩ፤ ፎርዋርድ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።