ባለቤት የሌለው ሰዓት

የትምህርትን ጥቅም የማያውቅ ሰው ዛሬ በአገራችን ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያሉ አባቶቻችን ሲመክሩን ኖረዋል፤ በከተማም ሆነ በገጠር ብዙው ወላጅ ራሱ ሳይለብስ ልጁን ለማስተማር ይደክማል። ነገር ግን የትምህርትን ጥቅም ማወቅና የአጠናንን ዘዴ ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ስለ ኋለኛው ግን፣ ይልቁንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ኮሌጅ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ጊዜውን፣ ገንዘቡንና ራሱን እንዴት አድርጎ ማስተዳደር እንደሚገባው የሚነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በበኩሌ ያየሁትንና የተረዳሁትን ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብሁ።

እኔ የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አባታችን በሞት ስለ ተለየን በጊዜው ትምህርቴን ለመቀጠል አልቻልሁም፤ ዛሬ ግን ዕድሜዬ ሠላሳን ካለፈ በኋላ ከሥራ ስወጣ በማታው ክፍል እማራለሁ። ታናሽ እኅቴ ደግሞ ከቤታችን ርቆ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የቀን ተማሪ ናት። ስለዚህ የከፍተኛ ትምህርትን ነገር ከሁለት በኩል ለማየት ችያለሁ፤ በአንድ በኩል ጊዜ የሚያጥረው ተማሪ፣ በሌላ በኩል ጊዜ የሚተርፈው ተማሪ እንዴት እንደሚቸገር ተመልክቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ስለ እርስዋ እንድጽፍ እኅቴ ራስዋ ፈቅዳልኛለች።

እኅቴ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በሰፊ በር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል፤ በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2፣ እርስዋ በተፈተነችበት በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበር። እንግዲህ ከመቶ ልጆች ዘጠና አራቱ የቀሩበትን ፈተና ማለፍዋን የሰማን ዕለት የቤታችን ደስታ ምን ያህል እንደ ነበረ አንባቢ ይገምተው። እናታችን ራስዋ የፈተለችውን ጋቢ አስይዛ፣ መርቃ ሸኘቻት። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አልቆ ውጤት ሲመጣ ግን አማካይ ነጥብዋ 1.92 ሆነና ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሁሉ ነገሩን ይረዳዋል፤ በሁለተኛውም መንፈቀ ዓመት እንዲሁ ቢሆን ኖሮ መባረር ይከተል ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍልዋ ከአንደኝነት ወርዳ የማታውቅ ልጅ፣ ሰነፍም ሳትሆን፣ ወደ ጭፈራም ሳትሄድ እንዴት እንዲህ ሆነች? ለእረፍት በመጣች ጊዜ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ይህንን ጥያቄ አብረን መረመርነው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ በክፍል ተቀምጣ መምህር የምታዳምጠው 20 ሰዓት ያህል ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትተኛ በሳምንት 56 ሰዓት ይሆናል። ለመብል፣ ለልብስ አጠባ፣ ለመንገድና ለጸሎት በቀን 4 ሰዓት ብንመድብ 28 ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲደመር 104 ነው። የቀረው 64 ሰዓት ወዴት ሄደ? እርስዋም ልትመልስልኝ አልቻለችም፤ የሚያውቀው ሰው አልነበረምና።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሰዓቱ ባለቤት ራሱ አይደለም። ማለዳ እናቱ ትቀሰቅሰዋለች፤ ደወል ያስገባዋል፤ ደወል ያስወጣዋል፤ መምህሩ ስም ይጠራል፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ እንደ ሆነ በማግሥቱ ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲ በገባ ማግሥት ይህ ሁሉ ጠባቂ በአንድ ጊዜ ይነሣል። የሚጠራው ደወል የለም፤ ባያጠና የሚቆጣው የለም፤ ፈተናው የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ 64ቱ ሰዓት ባለቤት እንደሌለው ከብት በሜዳ ያድራል፤ ባለቤት የሌለውን ከብት ደግሞ ጅብ እንደሚበላው የታወቀ ነው። የእኅቴን ሰዓት የበሉት ጅቦች እያንዳንዳቸው ትናንሾች ነበሩ፤ የእጅ ስልክ፣ በማደሪያ ክፍል የሚደረግ የማያልቅ ጨዋታ፣ ከምሳ በኋላ የሚረዝም ቡና፣ «ነገ አነባለሁ» የሚል ቀጠሮ። የጎደላት የአእምሮ ብርታት ሳይሆን የጠፋው ጠባቂ ምትክ ነው። ይህ ጽሑፍ ሊናገር የፈለገውም ይህንኑ ነው፤ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ትምህርት ትቶት የመጣውን ደወል ራሱ ሆኖ መተካት ነው።

ሰዓቱን ያልጠበቀ ተማሪ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሁሉ ነቅቶ ያድራል። ከዚህም የተነሣ እንቅልፍ ለማባረር ብሎ ጫት የሚጀምር አለ፤ በፈተናው ቀን ደግሞ ያነበበው ሁሉ ተደባልቆበት ባዶ ወረቀት እያየ የሚቀመጥ አለ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ስለ ተደረገ የአንድ ሌሊት ሽምደዳ ዋጋው ይበልጥ ቀንሷል፤ በአንደኛው ዓመት ለማለፍ ብቻ የተሸመደደ ነገር በመጨረሻው ዓመት አይገኝምና።

ታዲያ የአጠናን ዘዴ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። አያቴ በልጅነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ከእርሳቸው እንደ ሰማሁት የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ትምህርት ካዳመጠ በኋላ ብቻውን ወደ ጸጥተኛ ስፍራ፣ ወደ ዛፍ ሥር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄድና ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ እያወጣና እያወረደ ይደርሳል። ማታ ደግሞ በመምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይናገራል፤ መምህሩም ያቃኑለታል። የሚጀምረውም ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው እንጂ ስምንት ቤት ካለው መወድስ አይደለም። ይህን ሥርዓት በደንብ ላስተዋለው ሰው አራት ነገሮች ይታዩታል፤ የተወሰነ ሰዓትና ስፍራ አለ፤ ሥራው ከትንሹ ይጀምራል፤ ተማሪው ያወቀውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልቡ አውጥቶ ይናገራል፤ ስሕተቱንም በዚያው ቀን የሚያቃናለት አለ።

የዘመኑም ምርምር ይህንኑ ያጸናል። የጀርመኑ ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና የራሱን የማስታወስ ኃይል መርምሮ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ያጠናነው ነገር በብዛት የሚጠፋብን በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀኖች ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብና፣ አንብቦ ከከደኑ በኋላ ያስታወሱትን መጻፍ የትኛው እንደሚሻል መረመሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ለመጣው ፈተና ደጋግሞ ማንበብ በለጠ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ለመጣው ግን ከድኖ መጻፍ በለጠ። ደጋግሞ የሚያነብ ተማሪ ገጹ ስለ ለመደው ብቻ ያወቀ ይመስለዋል፤ መጽሐፉን ሲከድን ግን እውነቱ ይገለጥለታል።

እኔም በመዝገብ ቤት ሥራዬ ይህን የሚመስል ነገር ተምሬአለሁ። የገባ ደብዳቤ በዕለቱ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከየት እንደ መጣና ወደ የትኛው ዶሴ እንደ ገባ በመዝገብ ካልሰፈረ፣ ከሳምንት በኋላ ቢፈልጉት አይገኝም፤ ደብዳቤው ሳይጠፋ መንገዱ ይጠፋል። የክፍል ማስታወሻም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋልተር ፖክ ለተማሪዎቹ ያስተማረው ዘዴ ለዚህ በጣም ይረዳል። ገጹን በቁም ለሁለት ይከፍሉታል፤ በሰፊው በቀኝ በኩል መምህሩ የተናገረው ይጻፋል፤ በጠባቡ በግራ በኩል ከክፍል ከወጡ በኋላ ለየሐሳቡ አንድ ጥያቄ ወይም አንድ ቃል ይሰፍራል፤ በግርጌው የገጹ ፍሬ ነገር በሁለትና በሦስት መስመር ይጠቀለላል። ለክለሳ ጊዜ የቀኙን ሸፍኖ የግራውን እያዩ መመለስ ነው። ሥራው 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ግን በዕለቱ መሠራት አለበት።

እኅቴ ወደ ትምህርትዋ ስትመለስ 64ቱን ሰዓት ሁሉ ለጥናት አልመደበችም፤ እንዲህ ያለ ዕቅድ ከሦስት ቀን አያልፍም። ባለቤት የሰጠችው ለ24 ሰዓት ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ከምሽቱም 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በቤተ መጻሕፍት ትቀመጣለች፤ ስልክዋን በማደሪያዋ ሣጥን ቆልፋ ትወጣለች፤ እሑድ ታርፋለች። የቀረው ሰዓት ለጨዋታም፣ ለወዳጅም፣ ለእንቅልፍም ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እጅግ እንደ ከበዱባት ነግራኛለች፤ ከዚያ በኋላ ግን 9 ሰዓት ሲሆን እግርዋ ራሱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይወስዳት ጀመር። ልማድ ማለት ይህ ነው።

እኔ ደግሞ እንደ እርስዋ የሚተርፍ ሰዓት የለኝም። ቀን በሥራ እውላለሁ፤ ማታ ከክፍል ስወጣ ደክሜአለሁ። ስለዚህ ቤተሰቡ ሳይነሣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አነባለሁ፤ ለዚህም ስል በጊዜ እተኛለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት ነው፤ ዘወትር ሲሆን ግን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው ነው።

ከጥናቱ ጋር አብሮ የሚሄድ የአኗኗር ጥበብም አለ። ከቤት የሚላክላት 2,000 ብር ቀድሞ በወሩ አጋማሽ ላይ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ብድርና ሐሳብ ይከተላል፤ ሐሳብ የያዘው ሰው ደግሞ መጽሐፍ አይገባውም። አሁን ገንዘቡን በአራት ከፍላ የሳምንቱን ብቻ ትይዛለች። ሁለተኛው ጥበብ መጠየቅ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ብዙ ተማሪ «ቋንቋዬ ቢያስቅብኝስ» እያለ ያልገባውን ይዞ ይወጣል። እኅቴ ጥያቄዋን አስቀድማ በወረቀት እየጻፈች፣ መምህሩ ለተማሪዎች ምክር በሚሰጡበት ሰዓት ወደ ቢሯቸው መሄድ ጀመረች፤ በቁጣ እመለሳለሁ ስትል በደስታ ተቀበሏት። ሦስተኛው የባልንጀራ ነገር ነው። ገበሬ በወንፈል አንዱ የሌላውን እርሻ ተራ በተራ እንደሚያርስ ሁሉ፣ ሦስት ወይም አራት ሆነው እያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ አጥንቶ ለሌሎቹ ቢያስረዳ የሁሉም እርሻ ይታረሳል፤ የሚያስረዳው ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይጠቀማል። ወንፈሉ ወደ ወሬ እንዳይለወጥ ግን ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን።

ይህን ስል ጥፋቱ ሁሉ የተማሪው ነው ማለቴ አይደለም። በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው የሚያድሩ፣ መጽሐፍ በወረፋ የሚያነቡ፣ መብራትና ውሃ የሚቋረጥባቸው ተማሪዎች አሉ፤ ይህን ማቃናት የኃላፊዎች ፈንታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ሲጀመር የጊዜ አጠቃቀም፣ የማስታወሻ አያያዝና የፈተና አዘገጃጀት በሥነ ልቦናው ትምህርት ውስጥ መግባታቸው መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ስለ ልማድ የሚሰጥ ትምህርት እንደ ሌላው ለፈተና ተሸምድዶ እንዳይቀር፣ እያንዳንዱ መምህር በየትምህርቱ መጀመሪያ «ይህን ትምህርት እንዲህ አድርጋችሁ አጥኑ» ብሎ ቢያሳይ ጥቅሙ ታላቅ ይሆናል። የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም 12ኛ ክፍል የደረሰውን ልጅ ደወሉ ሳይነሣበት በፊት ሰዓቱን ራሱ እንዲያቅድ ጥቂት በጥቂት ቢያለማምዱት መልካም ነው። እኛ ቤተሰቦችም በስልክ «በርቺ» ብቻ ከማለት «ዛሬ ከ9 እስከ 11 ምን አነበብሽ?» ብለን ብንጠይቅ የበለጠ እንረዳለን።

እኅቴ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት 2.71 አምጥታ ማስጠንቀቂያው ተነሣላት። ሒሳብ እስከ ዛሬ ይከብዳታል፤ ወደ ቀድሞው አንደኝነትዋም አልተመለሰችም፤ ነገር ግን እየተራመደች ነው።

እናንተ ወጣት ተማሪዎች ሆይ! ወደ ኮሌጅ ስትገቡ ከሻንጣችሁ ጋር የቤተሰብ ተስፋ፣ የእናት ጋቢና በጠባብ በር ያለፈ ዕድል ይዛችሁ ትገባላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ፈተና ሳይታሰብ፣ የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት ጻፉና ለጥቂቱ ባለቤት ስጡት። ብዙ አትጀምሩ፤ የጀመራችሁትን ግን አትተዉ። መምህር የሰጠው ትምህርት ለሁሉም እኩል ነው፤ ተማሪን ከተማሪ የሚለየው ማንም ሳይጠራው በሰዓቱ የተቀመጠበት ወንበር ነው።