ከምርጫ በፊት ያለችው ምርጫ

የአሜሪካ ዋና ከተማ የዋሽንግተን ከንቲባ የሚመረጠው በየትኛው ወር ነው ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ ብዙዎቻችሁ «በኖቬምበር ነዋ!» ትላላችሁ። መልሱ በሕጉ መጽሐፍ ትክክል ነው፤ በሰፈር ግን አይሠራም። ኖቬምበር የሚያደርገው ቀደም ብሎ የተቈረጠውን ነገር ማጽደቅ ነው። ቍርጡ የሚታወቀው ከወራት በፊት ነው፤ ይኸውም ፓርቲዎች የየራሳቸውን እጩ በሚለዩበት በቅድሚያው ምርጫ፣ አሜሪካኖች ፕራይመሪ በሚሉት ላይ ነው።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ከተማይቱ ከንቲባዋንና የምክር ቤት አባሎቿን ራሷ እንድትመርጥ የተፈቀደላት በ1973 በወጣው ሕግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። የመጀመሪያው ምርጫ በ1974 ተደረገ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ 2022 ድረስ በምርጫ ከንቲባ የሆነ ሰው ሁሉ የዴሞክራት ፓርቲ ሰው ነው። በመራጮች መዝገብ ላይ ከሰፈሩትም ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ዴሞክራት ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። እንግዲህ የዴሞክራቶችን ቅድሚያ ምርጫ ያሸነፈ ሰው፣ ኖቬምበርን የሚጠብቀው ሠርጉ እንደተቈረጠለት ሙሽራ ነው።

እኔ በዚችው ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክና ሥነ ዜጋ የማስተምር የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ከጆርጂያ አቬኑ ብዙ ባልራቀ መንገድ ላይ ነው። በዚህ ሰፈር የአገራችን ሰዎች፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከሳልቫዶር የመጡ ቤተ ሰቦችና አዲስ ገቢ ወጣት ነጮች በአንድ አጥር ተጠጋግተው ይኖራሉ። ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ እጩዎቹ አይደለም፤ ስለ ጎረቤቶቼ ነው። እጩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ጎረቤት ግን ከውጤቱ ጋር አብሮ ይኖራል።

ከሁሉ አስቀድሜ የ2006ቱንና የ2010ሩን ነገር ላንሣ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ስለ ነበርሁ ታሪኩን የሰማሁት ከታላላቆቼ ነው። አድሪያን ፌንቲ የሚባል የሠላሳ አምስት ዓመት ጐልማሳ በ2006 ቤት ለቤት እየዞረ በር ሲያንኳኳ ከረመና፣ በቅድሚያው ምርጫ ከ142ቱ የምርጫ ጣቢያዎች አንድም ሳይቀር በሁሉም አሸነፈ። ባለጠጋው ሰፈርም ድኻው ሰፈርም አንድ ቃል ተናገረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 14 ቀን 2010፣ ያው ሰው በዚያው በቅድሚያው ምርጫ ተሸነፈ። የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር የነበሩት ቪንሰንት ግሬይ ከመቶ 54 ያህል ድምፅ አገኙ። ከተማይቱም ለሁለት ተከፈለች፤ በምዕራብ ያሉት ሰፈሮች ለፌንቲ ሲሰጡ፣ በምሥራቅ ያሉት ለግሬይ ሰጡ። ፌንቲ ቀድሞ በምክር ቤት የወከለው አራተኛው ወረዳ እንኳ ፊቱን አዞረበት። የእኛም ሰፈር በዚሁ ወረዳ ውስጥ ነው።

ምን ተፈጠረ? ብዙ ነገር ይባላል፤ በእኛ መንገድ ላይ ግን ሁለት ነገር ይነሣል። አንደኛው ትምህርት ቤት ነው። ከ2007 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በከንቲባው ሥልጣን ሥር ገቡ። ፌንቲም ሚሼል ሪ የሚባሉትን ሴት በኃላፊነት ሾመ። በ2008 ከሃያ በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2010 ክረምትም ከሁለት መቶ በላይ መምህራን ተሰናበቱ። ሁለተኛው ታክሲ ነው። የዋሽንግተን ታክሲ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሒሳብ ያስብ የነበረው በሜትር ሳይሆን በዞን ነበር፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው ባለፋቸው ዞኖች ቍጥር ልክ ነበር። ፌንቲ ይህን ሽሮ ሜትር እንዲገባ ወሰነ። ነጂዎቹ በ2007 የሥራ ማቆም አድማ ቢያደርጉም፣ ሜትሩ በ2008 ገባ። ከነጂዎቹ መካከል ቍጥራቸው ቀላል ያልሆነ የአገራችን ሰዎች እንደ ነበሩ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ሃያ አምስት ዓመት ታክሲ የነዱ አንድ ጋሼ ጎረቤት አሉኝ። «ጋሼ፣ እውነት ሜትሩ ያን ያህል ጎድቶዎት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መምህር፣ ሐቁን ልንገርህ» አሉኝ። «ሜትሩ ለተሳፋሪው ደግ ነበር። እንግዳ ሰው ስንት ዞን እንዳለፈ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኔን ያንገበገበኝ ሳይጠይቁን መወሰናቸው ነው። እንጀራዬን የሚነካ ሰው ቢያንስ ደጃፌ መጥቶ ይንገረኝ።»

ከእኔ ቤት ቀጥሎ የሚኖሩት ጡረተኛ ጥቁር አሜሪካዊት እናት ደግሞ ታክሲ ነድተው አያውቁም፤ ከጋሼም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ንግግር የላቸውም። ነገር ግን ልጆቻቸው የተማሩበት ትምህርት ቤት ስለ መዘጋቱ ሲያወሩ የሰማሁት ያንኑ ቃል ነው። ሕንፃው ማርጀቱን አይክዱም፤ ተማሪው መመናመኑንም ያውቃሉ። «ግን ማን ጠየቀኝ?» ይላሉ።

እንደ መምህርነቴ ከአንድ ወገን ብቻ ቆሜ መፍረድ ያስቸግረኛል። ከዚያ በፊት የነበሩት ትምህርት ቤቶች ብዙ ልጆችን ሲጥሉ የኖሩ ናቸው፤ መለወጥ ያለበት ነገር ነበር። ነገር ግን ከሁለቱ ጎረቤቶቼ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ሕዝብ ጥቅሙ ሲነካ ያኰርፋል፤ ሳይጠየቅ ሲነካ ግን የቅድሚያውን ምርጫ ቀን ቈጥሮ ይጠብቃል። በ2006 በር አንኳኩቶ ያሸነፈው ሰው በ2010 የተሸነፈው፣ በሩ መንኳኳቱን ባቆመበት ሰፈር ነው።

አሁን ወደ ጁን 21 ቀን 2022 ልለፍ። ኮሌጅ የጨረስሁት በዚያው ዓመት ስለ ነበር ምርጫውን በዓይኔ ተከታትዬዋለሁ። ከንቲባዋ ሚውሪል ባውዘር ለሦስተኛ ጊዜ ለመመረጥ ቀረቡ፤ ከተወዳዳሪዎቻቸው ዋነኛው የምክር ቤት አባል የነበሩት ሮበርት ኋይት ነበሩ። ክርክሩ ስለ ፖሊስ ብዛት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ከንቲባ በትምህርት ቤቶች ላይ ስላለው ሥልጣን ነበር። በዚያው ቀን የምክር ቤቱ ሊቀ መንበርና ብዙ የወረዳ ተወካዮችም ይለዩ ነበር። ባውዘር የድምፁን ግማሽ ያህል አግኝተው አሸነፉ፤ ኋይት ከመቶ 40 ገደማ አገኙ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰፈሩ ሁለት ዓይነት ፊት ነበረው። ቡና ቤት ያላቸው እትዬ ጀበናቸውን እየጣዱ፣ «እኔ ከሁሉ በፊት የምፈልገው ሴት ሠራተኛዬ ማታ በሰላም ቤቷ መግባቷን ነው» አሉ። ለማን እንደ ሰጡ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት ወጣቶች ግን ተከፍተዋል። ኪራያቸው በየዓመቱ ሲጨምር፣ የሚያውቁት ሁሉ ወደ ሜሪላንድ ሲሰደድ ያዩ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ «ግድ የለም፣ በኖቬምበር እናሳያቸዋለን!» ቢል፣ እትዬ ሣቅ ብለው «የኔ ልጅ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አሉት። ልጁ ድምፁን ሰጥቶ እንደ ሆነ ሲጠየቅም፣ በሥራ ምክንያት እንዳልተመቸው ተናገረ። ብቻውን አልነበረም፤ በዚያ ምርጫ ከተመዘገቡት መካከል ድምፅ የሰጡት ከግማሽ በታች ነበሩ።

ያልተመቸው ሰው ነገር ቀላል ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይመቸው ይሆናል። ልቤን የነካኝ ግን የዚያ የታክሲው ጋሼ ነገር ነው። የምርጫ ወረቀት ለጎረቤቱ በፖስታ ሲታደል ለእርሳቸው አልመጣም። ለምን? ዜግነት አላቸው፤ ግብር ይከፍላሉ፤ ስማቸው በመራጮች መዝገብ ላይ አለ። ነገር ግን ሲመዘገቡ፣ «የየትኛው ፓርቲ ነዎት?» በሚለው ጥያቄ ፊት «የማንም» ብለው ምልክት አድርገዋል። የቅድሚያው ምርጫ ደግሞ ዝግ ነበር፤ በየፓርቲው መዝገብ ካልተጻፉ በቀር ለማንም እጩ ድምፅ መስጠት አይቻልም።

«ጋሼ፣ ለምን ዴሞክራት ብለው አይጻፉም? ማንን መምረጥ እንዳለብዎት የሚያዝዎት የለም» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ልጄ፣ አንተ አልደረስህበትም» አሉኝ። «በእኛ ጊዜ ሰው የሚያልቀው በፓርቲ ስም ነበር። አንደኛው ወንድሜ ከዚያኛው ወገን ነህ ተብሎ ሄደ፤ ሁለተኛው ከዚህኛው ነህ ተብሎ ሄደ። የስም ዝርዝር ያለበት መዝገብ በተገኘበት ቤት እናት ማቅ ለበሰች። ዛሬ በገዛ እጄ ስሜን በፓርቲ መዝገብ ላይ ላስጽፍ?»

አንባቢዎቼ፣ ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? የቀይ ሽብርን ዘመን በመጽሐፍ ያነበበ፣ በሥጋው ያየውን ሰው አይመክርም። ይሁን እንጂ በአክብሮት የምለው አለኝ፤ ለእርሳቸውም ብዬዋለሁ። በዚህች ከተማ መዝገብ ላይ ያለችው ምልክት የአባልነት ቃል ኪዳን አይደለችም። መዋጮ የለባትም፣ ስብሰባ የለባትም፣ ደብተርም አይሰጥባትም። የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየትኛው ወገን ያሉትን እጩዎች ለመለየት እንደምትሻ። ሐሳብህን በለወጥህ ጊዜ፣ ቀነ ገደቡን ጠብቀህ ትለውጣታለህ። የጋሼ ፍርሃት ግን ከንቱ ነው አልልም። ነገሩ በደም የተገዛ ዕውቀት ነው፤ የሚያሳዝነው ግን እዚያ ያዳናቸው ጥንቃቄ እዚህ አፋቸውን መዝጋቱ ነው። ሜትሩን ሳይጠየቁ ያስገቡባቸውን ሰዎች የሚቀጣው ወይም የሚያሰነብተው ምርጫ፣ ያው በራሳቸው ምልክት የተዘጋባቸው ምርጫ ነው።

እኒያ ጡረተኛ ጎረቤቴስ? እርሳቸው የዋሽንግተን ነዋሪ ለፕሬዚዳንት እንኳ ድምፅ መስጠት የማይችልበትን ዘመን ያውቃሉ፤ ይህ መብት ሥራ ላይ የዋለው ገና በ1964 ነው። ስለዚህ ጁን 2 ቀን 2020 የምክር ቤት አባሎች ቅድሚያ ምርጫ በተደረገ ጊዜ፣ ወረርሽኝ ነበር፣ በጆርጅ ፍሎይድ ሞት ምክንያት ከተማው በሰልፍ ተናውጦ የሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር፣ የተከፈቱትም ጣቢያዎች ከወትሮው እጅግ ያነሱ ነበሩ፤ ሰልፉም እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። እኒህ እናት ግን ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ሄዱ። «አባቴ ይህን ሰልፍ ቢያገኝ ኖሮ በደስታ በቆመ ነበር» ይላሉ። በዚያ ቀን በአራተኛው ወረዳ የነበሩት ተወካይ ተሸንፈው ጃኒስ ልዊስ ጆርጅ የተባሉት አዲስ ሴት አሸነፉ። ስለ ኪራይ የሚያወሩት ወጣቶች ደስ አላቸው፤ ሌሎች አዘኑ። የሆነው ሆኖ፣ በወንበር የተቀመጠ ሰው ድምፅ ምክር ቤቱን ለወጠ።

ሁሉም በር ዝግ ነው እንዳልል ጥቂት የተከፈቱ በሮችንም ልጥቀስ። ከተማይቱ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት፣ መሥሪያ ቤቶቿ አስፈላጊ ጽሑፎችን ከሚያስተረጕሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በ2022 ምክር ቤቱ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎችም በከተማው ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቀደ። ኮንግረስ ውስጥ ሊሽሩት የተነሡ ቢኖሩም፣ በ2024ቱ ቅድሚያ ምርጫ ግሪን ካርድ ብቻ ያላቸው ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ደግሞ ከመቶ 70 በላይ የሆነው መራጭ አንድ ሐሳብ አጸደቀ፤ መራጩ እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በደረጃ እንዲያስቀምጥና፣ ፓርቲ የሌላቸውም በቅድሚያው ምርጫ እንዲገቡ። ምክር ቤቱ በ2025 ገንዘብ የመደበው ግን ለደረጃው አሠራር ነው፤ ለእንደ ጋሼ ያሉት የሚከፈተውን በር በይደር ተወው።

በይደር የቀረውን በር ማን ያስከፍተዋል? ይህንንም የሚወስኑት፣ አብዛኞቹ በዚያችው በትንሿ ምርጫ የሚለዩት፣ ዐሥራ ሦስቱ የምክር ቤት አባሎች ናቸው። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ይህን ስጠይቃቸው፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የአገራችን ልጅ፣ «ታዲያ መግባት የማይችሉት ሰዎች በሩን እንዴት ያስከፍቱታል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። የመለስሁላትም፣ አስቀድመው መግባት የሚችሉት ገብተው ያስከፍቱላቸዋል ብዬ ነው።

ስለዚህ በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ እንዲህ ባለ ከተማ የምትኖሩ አንባቢዎቼ፣ ስለ አዲስ አበባ ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር እናመሻለን፤ ይህን ማንም አይነቅፈውም፤ አገር ነውና። ከዚያ ሰዓት ላይ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ቀንሳችሁ ስማችሁ በመራጮች መዝገብ ላይ እንዴት እንደ ተጻፈ ተመልከቱ፤ የቅድሚያውን ምርጫ ቀንና ከእርሱ በፊት ያለውን ቀነ ገደብም በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቀን መቍጠሪያ ምልክት አድርጉበት። ኪራያችሁን፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት፣ የታክሲያችሁን ሒሳብ የሚነካው ሰው የሚለየው በዚያ ቀን ነው።